ለወንድሟ ያሰበችው ኩላሊት

"ትንፋሽዎን ይያዙ… እሺ፣ ይልቀቁ።"

ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ልብስ አጣቢዋ ዓይኗን ጨፍና ተጋድማለች፤ ከምትሠራበት ሆቴል ማጠቢያ ክፍል በቀጥታ ስለመጣች ወገቧ የእሷ አይመስላትም። አንድ ኩላሊቷን ልትሰጠው የቆረጠችው ታናሽ ወንድሟ ከታች ደሙን በማሽን እያሳጠበ ነው።

ሐኪሙ መሣሪያውን እዚያው ቦታ ላይ መልሶ መላልሶ ጫነው።

"ምነው ዶክተር፣ ኩላሊቴ ጠፋ እንዴ?"

"ኩላሊትዎስ አለ።" ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። "እነዚህ ጥቋቁር ክቦች ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ናቸው። አንድ ሁለት ቢሆኑ ችግር የለውም፤ ስንቱ ሰው ሳያውቃቸው አብሯቸው ያረጃል። የእርስዎ ግን ሁለቱንም ኩላሊት ሞልተውታል። እንደ ወንድምዎ በዘር የመጣ ነው።"

"መስጠት አልችልም ማለት ነው?"

"አይችሉም። ለራስዎ ያስፈልግዎታል።"

ከረጢቶቹን የሚያጠፋ መድኃኒት እንደሌለ ነገራት። ግፊቷን ከተቆጣጠረች፣ ጨው ከቀነሰች፣ ለወገቧ የምትውጠውን ማስታገሻ ከተወችና በየጊዜው ከታየች ግን ኩላሊቷ ብዙ ዓመት ሊያገለግላት ይችላል። ወንድሟን የጎዳው ዘግይቶ መምጣቱ ነው።

"ልጅ አለዎት?"

"አንዲት ሴት ልጅ። ልታገባ ነው።"

"እሷም ብትታይ ጥሩ ነው።"

የደረጃውን ድጋፍ ይዛ ወደ ወንድሟ ወረደች። "ውጤቱ ገና ነው" ልትለው አስባ ነበር። ፊቱን ስታይ ግን ውሸቱ ከአፏ አልወጣም።

"እኔም ያው ነኝ ወንድሜ። እናታችንን የገደላት በሽታ እኔም ጋ አለ።"

ክንዱ ላይ የተሰካውን ቱቦ ትክ ብሎ አየና "እፎይ" አለ።

"ምን አልክ?"

"ለእኔ ብለሽ ልትቀደጂ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እምቢ እንዳልልሽ ደግሞ ነፍስ ትጣፍጣለች።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ለልጅሽ ንገሪያት።"

"ከሠርጉ በኋላ። አሁን ደስታዋን አላደፈርስባትም።"

"እኔንም እዚህ ወንበር ላይ የቸነከረኝ 'በኋላ' ማለት ነው፣ እቴ።"

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ለልጇ ደወለች። ልጅቷ ስለ ቀሚሷ ርዝመት ማውራት ጀመረች፤ እናቷም እስክትጨርስ አዳመጠቻት።

"ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን፣ ልጄ" አለቻት በመጨረሻ። "እጮኛሽም ይምጣ። እሱም ይስማው።"