ማሽን የማይነካበት ቀን

ሎጋናታ ናይዱ ትዕግሥት ሲታደል ሳይደርሰው የቀረ ሰው ነው። በስልሳ አራት ዓመቱም ደረጃ የሚወጣው ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ከደቡብ ሕንዷ ከተማ ከኮይምባቶር ባቡር ጣቢያ የመጣውን ወሬ ሲሰማ ግን ሦስት ሦስቱን ዘለለ።

"አላሜሉ! መጡ! መርማሪው ጣቢያ ደርሰዋል! መኪናው የታለ? ብዕሬስ?"

ሚስቱ አላሜሉ አበባ እየጎነጎነች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

"ብዕርዎ ሰረስዋቲ እግር ሥር ነው። እስከ ነገ ጠዋት አይነካም። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነም ጠፋዎት?"

ሎጋናታ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ እንደከተተ ደርቆ ቀረ። የመሣሪያ በዓል! በዓመት አንድ ቀን መዶሻውም፣ የብረት መቅረጫው ቶርኖም ይታጠባል፤ የሰንደል እንጨት ልውስና ቀይ ዱቄት ይቀባል፤ መጽሐፉና ብዕሩ የዕውቀት አምላክ ከሆነችው ከሰረስዋቲ ሥዕል ፊት ይቀመጣል፤ አበባ ይደረግለትና ያርፋል። በዚያ ቀን ማሽን የሚያዞር፣ መጽሐፍ የሚገልጥ የለም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ጥፋቱ የራሱ ነበር። አዲሱን ኮሌጁን አይተው እንዲፈቅዱ ከዩኒቨርሲቲ የተላኩት መርማሪ ከአራት ቀን በፊት ሊመጡ ነበር የታሰበው። ዝናብ ሐዲዱን ሸረሸረውና "ለሌላ ቀን እናስተላልፈው?" የሚል ቴሌግራም ደረሰ። ልብ ያለው ሰው ቀን መቁጠሪያ አይቶ ይመልሳል። ሎጋናታ ግን ቴሌግራሙን ያመጣው ሰውዬ ገና ከበር ሳይወጣ "በፈለጉት ቀን፣ በፈለጉት ሰዓት ይምጡ፤ ሁሉ ዝግጁ ነው" ብሎ ሰደደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እንዲህ ነው።

ነገሩ የዋዛ አልነበረም። በፓምፕ ፋብሪካው ጎን የሠራው የምሕንድስና ኮሌጅ ተጠናቋል፤ ከየመንደሩ የተመረጡ ስልሳ ተማሪዎች መኝታ ቤት ገብተው ትምህርት እስኪጀመር ይቁለጨለጫሉ። ዩኒቨርሲቲው አዲስ ኮሌጅ የሚቀበልበት መዝገብ የሚዘጋው በዚህ ሳምንት ነው። ዛሬ ካልተፈቀደ ለከርሞ። ተማሪዎቹ ደግሞ ዓመት ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም፤ ግማሹ ወደ ጥጥ ማሳ፣ ግማሹ ወደ መፍተያ ፋብሪካ ይበተናል። የተበተነ አይመለስም። ይህን ከሎጋናታ በላይ የሚያውቅ የለም። በአሥር ዓመቱ፣ አባቱ ሲሞቱ፣ አራተኛ ክፍልን የተወው "ለአንድ ዓመት ብቻ" ተብሎ ነበር።

ኋላ በጥጥ መዳመጫ ቤት ማሽን ዘይት ሲቀባ አደገ፤ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የራሱን ፋብሪካ ተከለ። አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ ያስመጣው ሞተር ተበላሸና ስምንት ወር ባለሙያ ጠበቀ። ሰውዬው በመርከብ መጣ፤ አንድ ብሎን አጠበቀ፤ በመርከብ ተመለሰ። ሎጋናታ ከዚያ ቀን ወዲህ ኮሌጅ ሳያነሣ እራት በልቶ አያውቅም። ዘመዶቹ "ኮሌጁ ዛሬም እራት ላይ ይመጣል?" እያሉ ያሾፉበት ነበር።

መርማሪው ፕሮፌሰር ዴቫሳጋያም ሸንቀጥ ያሉ፣ ጃንጥላቸውን የማይለቁ ሰው ናቸው።

"በአሥራ ሁለት ሰዓቱ ባቡር ወደ ማዱራይ እሄዳለሁ" አሉ መኪና ውስጥ እንደገቡ። "በፈለጉት ቀን ስላሉኝ ነው የመጣሁት። በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ቆራጥ ሰው ሳይ ገረመኝ።"

ሎጋናታ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ፈገግታው አልመጣለትም።

ጉዱ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀመረ። ሁለት ሺህ አራት መቶ መጽሐፍ በሐር ጨርቅ ተሸፍኖ ከሰረስዋቲ ሥዕል ፊት ተቆልሏል። "አንዱን ልየው?" ቢሉ ሎጋናታ ዛሬ መንካት እንደማይቻል ነገራቸው። የተማሪዎቹ መዝገብም እዚያው ጨርቅ ሥር ነው። ቤተ ሙከራው በአበባ ታስሯል። ወርክሾፑ ውስጥ አሥራ አንድ ቶርኖዎች ግንባራቸውን ተቀብተው እንደ ሙሽራ ተደርድረዋል።

"እስካሁን ያየሁት አበባ ነው" አሉ ፕሮፌሰሩ። "እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ በዓላችሁን አከብራለሁ። ግን ሲዞር ያላየሁትን ማሽን 'ይዞራል' ብዬ አልፈርምም።"

ሎጋናታ ደሙ ፈላ። የወርክሾፑን ኃላፊ ፖኑሳሚን በክርኑ ይዞ ከበሩ ጀርባ ጎተተው። ሁለቱ ከዘይት ቀቢነት ጀምሮ አብረው ያረጁ ናቸው። ሰው ፊት ፖኑሳሚ "እርስዎ" ይለዋል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ "ሎጉ" ነው።

"አንዱን ብቻ አስነሣልኝ። ለአምስት ደቂቃ!"

"አላደርገውም።"

"ፖኑሳሚ፣ ስልሳ ልጆች ናቸው!"

"ቁጥር አውቃለሁ።"

"የማን ፋብሪካ ነው ይሄ? ካልኩህ አልኩህ ነው!"

ፖኑሳሚ አልተቆጣም። ግራ እጁን ብቻ አንሥቶ ዘረጋለት። ሦስት ጣት ነበር ያለው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ በዚሁ በዓል፣ አንድ መፍተያ ፋብሪካ ያዘዘውን ዕቃ "ለነገ ይድረስልን" ሲል ማሽኑን ያስነሣው ወጣቱ ሎጋናታ ነበር። ሦስት ሌሊት ያልተኛው ፖኑሳሚ ጣቶቹ የት እንደገቡ እንኳ አላየም። ያን ጊዜ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ እያለቀሰ "በዚህ ቀን ዳግመኛ ማሽን አይነካም" ብሎ የማለው ሎጋናታ ራሱ ነው።

"መሐላው ያንተ ነው፣ ሎጉ። እኔ የምጠብቅልህ ነኝ።"

ሎጋናታ አፈረ። ቁጣው በአንድ ጊዜ ወረደ። ተመልሶ ገብቶ ፕሮፌሰሩ ፊት ቆመ።

"ዋሸሁዎት። ሁሉ ዝግጁ ነው ያልኩት ቸኩዬ ነው። ማሽኖቹ ዛሬ ያርፋሉ፤ እኔም አላስነሣቸውም። ነገ ጎሕ ሲቀድ ይዞራሉ። መጠበቅ ካልቻሉ 'አይሆንም' ብለው ይጻፉ።"

ፕሮፌሰሩ ሰዓታቸውን አዩ። ግቢውን ሲዞሩ ውለው ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጃንጥላቸውን ቶርኖው ላይ ሊያስደግፉ ሲሉ አበባውን አዩና መልሰው ያዙት።

"ባቡሬ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት አለኝ" አሉ። ወደ ፖኑሳሚ ዞሩ። "መንካት ክልክል ነው። መናገርስ?"

"ምላሴ ላይ አበባ ያደረገ የለም፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ያስተምሩኝ።"

ፖኑሳሚ እጆቹን ከኋላው አቆላልፎ ጀመረ። ቶርኖ ብረት እንዴት እንደሚበላ፣ መቁረጫው ሲደነዝዝ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ፣ በአፉ እያፏጨ አሳየ። ስልሳው ተማሪ በመስኮትም በበርም ግልብጥ ብሎ መጣ። ነገሩ ፓምፕ ላይ ሲደርስ ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ቆይ ቆይ! በሚሽከረከረው ምላጭና በሽፋኑ መካከል ያን ያህል ክፍተት? መጽሐፉ የሚለው ግማሹን ነው!"

"መጽሐፉን የጻፉት ሰውዬ የእኛን ጉድጓድ ወርደው አይተውታል?"

"ክፍተት ሲሰፋ ውሃው ተመልሶ ይፈሳል፣ ሰውዬ!"

"ትንሽ ይፍሰስ! የእኛ ውሃ አሸዋ ይዞ ነው የሚወጣው። አጥብበው ቢሠሩት ገበሬው በሦስት ወሩ ተሸክሞ ይመልስልዎታል፤ ከነስድቡ!"

ለበዓሉ የቀረበው የፈነዳ ሩዝ በሳህን ነበር። ፕሮፌሰሩ ዘገኑና ጠረጴዛው ላይ ሩዙን እየደረደሩ ፓምፕ ሣሉ። ፖኑሳሚ አንዷን ፍሬ በትንሿ ጣቱ ገፋ አድርጎ "አሸዋው እዚህ ላይ ነው የሚበላው" አለ። ፕሮፌሰሩ መልሰው ገፏት። አንድ ቀጭን ተማሪ ከኋላ "አሸዋውን ከቱቦው አፍ ላይ ብናስቀረውስ?" ቢል ሁለቱም እኩል ዞረው "እንዴት አድርገህ?" ብለው አፋጠጡት። ልጁ ላብ አጠመቀው፤ ግን መለሰ። ክርክሩ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ሎጋናታ አየው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለም፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሹፌሩን በዐይኑ መለሰው።

የባቡሩ ፉጨት ከሩቅ ተሰማ።

ፕሮፌሰሩ ሩዝ በእጃቸው እንደያዙ ቀና አሉ። "ያ ባቡር የእኔ ነው?"

"የእርስዎ ነበር" አለ ሎጋናታ።

ፕሮፌሰሩ ሩዙን አፋቸው ውስጥ ከተቱና አኘኩት። "እንግዲህ ለማዱራይ ቴሌግራም ይላክልኝ" አሉ። "እኚህ ሰው ስለ ክፍተቱ አሁንም ተሳስተዋል።"

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አላሜሉ ጨርቁን ገልጣ ብዕሩን ለባሏ መለሰችለት። ፖኑሳሚ ለመጀመሪያው ቶርኖ እጅ ነሥቶ ማብሪያውን ተጫነ። አሥራ አንዱም ተራ በተራ ሲነሡ ወለሉ ተርገፈገፈ፤ ስልሳው ተማሪ በአንድ አፍ ጮኸ። ሎጋናታም ጮኸ፤ አላፈረም።

ፕሮፌሰሩ ቅጹን ዘርግተው ሞሉ። መጽሐፍ ቆጠሩ፣ መዝገብ አዩ፣ ምልክት አደረጉ። ከመጨረሻዎቹ መስመሮች አንዱ ላይ ቆሙ።

"የወርክሾፑ መምህር። የትምህርት ደረጃ?"

ደንቡ ዲፕሎማ ይላል። ሎጋናታ ይህን ጥያቄ ስንት ቀን ሲሸሸው ነበር!

ፖኑሳሚ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ሁለተኛ ክፍል፣ ጌታዬ። እሱንም አልጨረስኩት።"

ፕሮፌሰሩ በዚያው መስመር ላይ ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ወረቀቱን አዙረው ለሎጋናታ ሰጡት። ሎጋናታ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

"ምን ይላል?" አለ ፖኑሳሚ።

ሎጋናታ ወረቀቱን ለዚያ ለቀጭኑ ተማሪ አቀበለው። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ "ሦስት ሰዓት ሙሉ አስተማሩኝ። ባቡር አመለጠኝ። ኮሌጁ ይከፈት።"

ጩኸቱ ለሁለተኛ ጊዜ ጣሪያውን ሊያነሣ ደረሰ። ፖኑሳሚ ሦስት ጣት ባለው እጁ ጠረጴዛውን መታ። "በሉ ተቀመጡ! ሥራ አለ!"

ስልሳው ተቀመጠ። ሎጋናታም ኋላ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ግን ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ይቁነጠነጣል፣ ጎኑ ያለውን ተማሪ በክርኑ ይጎስማል፣ ያንሾካሹካል። ፖኑሳሚ ንግግሩን አቋርጦ በሰው ሁሉ ፊት አፈጠጠበት።

"አንተ! ኋላ ያለኸው! ዝም ብለህ አትማርም?"

ሎጋናታ ናይዱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ሰብስቦ ዝም አለ። ለአንድ ዓመት ብሎ ወደ ተወው ክፍል ከሃምሳ አራት ዓመት በኋላ ተመለሰ።