ከሰባቱ ፊት የነበረችው መስመር

"ዓባየይ፣ እዚያ ቤት የሞተ ሰው ድምፅ ቁጥር ይቆጥራል" አለችኝ ጎረቤቴ ኣስካል።

ከዓይናለም የምትሳበው የሰፈራችን ውሃ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣች ቀን ነው። ጀሪካኗን ሰልፍ ላይ ጥላ ጆሮዬ ስር ገባች። ቀትር በሆነ ቁጥር ከዚያ ቤት ጋር በሚያዋስናት ግድግዳ በኩል ትሰማለች፦ "ሁለትና ስድስት... ስምንት ነው፣ አይሆንም። አንድና አስራ ሁለት... አይሆንም።" ከዚያ ጭጭ።

እዚያ ቤት ያለችው ኣበራሽ ናት። ልጇ ፍሰሃ ወደ ጦርነቱ የሄደ ቀን ለእህቱ ለትምኒት ሒሳብ እያስረዳት ነበር። በሩ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በጠመኔ ጻፈላት። ከታች ሁለት ቅንፍ አደረገ፤ አንዱን ሞላ፣ አንዱን ባዶ ተወውና "ስመለስ እንጨርሰዋለን" ብሎ ወጣ። እንደወጣ ቀረ። እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። ኣበራሽ ጥቁር አልለበሰችም፣ በሩንም ማንም አይነካባትም። ጠመኔው ሲደበዝዝ ራሷ በላዩ ትሄድበታለች፤ ፊደል አታውቅም፣ ልክ ጥልፍ እንደምትጠልፍ።

እኔ ሰፈሩ ሁሉ ዓባየይ፣ አያቴ፣ የሚለኝ፣ ከሁለተኛ ክፍል ያቋረጥኩ አሮጊት ነኝ። ወሬ ካልሰማሁ ግን እህል አይረጋልኝም። ጨው ልዋስ ብዬ ሄድኩ። ጨው ሞልቶኛል።

በሩ ገርበብ ብሏል። ኣበራሽ ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ ቆማለች። "ሲባዙ አስራ ሁለት፣ ሲደመሩ ሰባት፤ እስቲ ፈልጊ ትምኒት!" ትላለች። አነጋገሩ፣ ሳቁ ሳይቀር፣ የፍሰሃ!  "ሁለትና ስድስት፣ አይሆንም... ሶስትና..." አለችና አፏን በነጠላዋ አፈነች።

ለካ ኣስካል በግድግዳው የምትሰማው የሞተ ሰው ይቺ እናት ናት።

ጨውን ልጠይቅ ስል ትምኒት ከትምህርት ቤት ገብታ ደብተሯን ወረወረችው። "ነገ ፈተና ነው፣ ዓባየይ! ትምህርት ተዘግቶ ከርሞ፣ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ከሕፃናት ጋር ዘጠነኛ ክፍል ተቀምጬ ይሄ ካቃተኝ አልመለስም። ማርያምን፣ እተወዋለሁ!"

"ምኑ ነው ያቃተሽ?" አልኳት።

"ይሄ የበሩ! እሱ በሞላው ቅንፍ ሶስቱ ፊት መቀነስ አለ፣ ከላይ ሰባቱ ፊት መደመር። ባዶው ውስጥ የፈለግሽውን ቁጥር ክተቺ፣ አይገጥምም። ፍሰሃ ተሳስቶ ነው የሄደው!"

"ፍሰሃ አይሳሳትም!" ብላ ጮኸች ኣበራሽ። ጩኸቱን ሰምተው ኣስካልና ሁሪያ ከነጀሪካናቸው ደረሱ፣ ሰልፈኛውም ተከተለ። ሁሪያ የወሎዋ ጓደኛዬ ናት፣ ገበያ ላይ ሻሽ የምትሸጠው።

ኣበራሽ ድምጿ ወረደ። "ከሰባቱ ፊት አንዲት መስመር ነበረች። ጋደም ያለች። ባየኋት ቁጥር ሬሳ ትመስለኛለች። መሃሏ ላይ ሌላ ሰርቼ... መስቀል አድርጌ አቆምኳት።"

ትምኒት በሩን አየች፣ እናቷን አየች። "ኣደይ... መቀነስ ነበረች እኮ። ልመልሳት?"

"ዋይ! መስቀል ይጠፋል እንዴ?" አለች ኣስካል። "በልጅሽ ላይ ልታሟርቺበት ነው!"

 ኣበራሽ ጣቷን ከሁሪያ ጀሪካን አርጥባ፣ የቆመችዋን መስመር ብቻ ቀስ አድርጋ አበሰቻት። ጋደም ያለችው ቀረች። ጠመኔውን አንስታ ለልጇ ሰጠቻት።

ትምኒት ባዶው ቅንፍ ውስጥ ጻፈች።  "ኤክስ ሲቀነስ አራት" አለች። "መልሱ ወይ ሶስት ነው፣ ወይ አራት። ሁለቱም ልክ ናቸው።"

"አለቀ በቃ" አለች ኣስካል፣ እያማተበች። "ስመለስ እንጨርሰዋለን ብሎ ነበር። አሁን ምን ቀረውና ይመጣል?"

በር ላይ የቆሙት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ነቀነቅሁ።

ሁሪያ ጀሪካኗን መሬት ላይ ዱብ አደረገችው። "አንቺ ሴትዮ፣ ልጁ ከመጣ ለእናቱ ይመጣል እንጂ አራት ለምትባል ቁጥር ይመጣል እንዴ?"