የግራው ስፖኪዮ

«የግራው ግን አልቆ ነበር?» አለ ባለ ነጩ፣ የቡና ሲኒውን በሁለት ጣቱ ይዞ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ።

ባሏ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተጨናንቋል። ወንበሩ ከየጎረቤቱ የተለቃቀመ ስለሆነ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። እሷ ሲኒ ላለቅልቅ በሚል ሰበብ ከሰው ዓይን ሸሽታ ወጥ ቤት ገብታ ነበር። ሰውየው ተከትሏት መጣ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ።

«የምኑ ግራ?» አለችው፣ የምኑ እንደሆነ አሳምራ እያወቀች።

«የስፖኪዮው ክዳን ነዋ። የቀኙን ገጥሞልኛል። የግራውን በዚህ ሳምንት እሰጥሃለሁ ብሎኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።» ቡናውን ፉት አለ። «ለማስቸገር አይደለም እህቴ። እንዲያው ካለ ብዬ ነው።»

አላውቅም አለችው። ዓይኗ ወደ ኦቨኑ ሄዶ እንዳያሳብቅባት ፊቷን ወደ ቧንቧው አዞረች። ክዳኑ ያለው እዚያው ኦቨኑ ውስጥ፣ ከሰውየው ጉልበት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ሰው የለቅሶ ቡና በእጁ ይዞ ስለ መኪና ጌጥ ይጠይቃል? ሰውየው ከሄደም በኋላ ሽቶው ማጠቢያው ላይ ቀርቶ ስለነበር መስኮቱን ከፈተችው።

«ባለ ነጩ» የሚል ስም ያወጣለት ባሏ ነው። ሰውየው ነጭ የስፖርት መኪና አለችው፤ ወደ መሬት ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ሲወርድ በአራት እግሩ ሊድህ ምንም አይቀረው። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ምንም አልጎደላትም። እሱ ግን የፊት ፓራውልቷ ከንፈር፣ የጎንና ጎን ጠርዟ፣ የስፖኪዮዎቿ ክዳንና የኋላ ክንፏ በሙሉ ተነቅለው በጥቁር ካርቦን ፋይበር ይለወጡልኝ አለ። ደህናው ተጥሎ ሌላ ደህና ሊገጠም ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱን ነገር ስትሰማ ባሏን «ሰዎቹ ጤነኛ ናቸው?» ትለው ነበር። እሱ ይስቅባታል።

ባሏ ባትላሜራ ነበር። ዕድሜውን የተጨረማመተ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ኖሮ አንድ ቀን ያን ጥቁር ጨርቅ አየና ልቡ ተሰለበ። ካርቦን የሚሉት ነገር መጀመሪያ ሲመጣ ተራ ጨርቅ ነው። በቅርጹ ላይ ይነጠፋል፣ ሬዚን የሚባል ማጣበቂያ ይጠጣል፣ በላስቲክ ይታፈንና አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል። ከዚያ ይበስላል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ጋራዡ ኦቨን የለውም። ኦቨን ያለው እሷ ቤት ነው፤ እሷ ደግሞ በዚያ ኦቨን የልደትና የሠርግ ኬክ እየጋገረች ነው የምትተዳደረው።

ሳሎን ስትመለስ ባለ ነጩ ከአማቷ ጎን ተመቻችቶ ተቀምጦ ነበር። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ያንኑ ወሬ ይደግመዋል። «እጁ መኪናዬ ላይ እንዳለ ነው ያረፈው» ይላል፣ እንደ ሹመት። ሲተርከው ለሰማ ሰው ደግፎ ያስተኛው እሱ ይመስላል። እውነቱን እሷ ታውቃለች። ባሏ ጋራዥ ውስጥ የኋላውን ክንፍ ሲወለውል ልቡ ቀጥ አለች፤ ሲወድቅ የያዘው አብሮት የሚሠራው ቀለም ቀቢ ነው። ባለ ነጩ የሰማው በስልክ ነው። ቀለም ቀቢው በቀብሩ ዕለት ጥግ ወስዶ በሹክሹክታ እንደነገራት፣ ሰውየው መርዶውን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው ክንፉ ተጭሮ እንደሆነ ነው።

አሁን ስልኩን አውጥቶ የመኪናዋን ፎቶ ለአማቷ እያሳየ ነበር።

«ይኸው እማማ፣ ጥቁር የሆነው በሙሉ የልጅዎ እጅ ነው።»

አማቷ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ስልኩ ከእሳቸው ወደ ቀጣዩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ተላለፈ። ለቀስተኛው በጣቱ ፎቶውን እያሰፋ ያይ ጀመር። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ የሩቅ ዘመድ ስንት እንደምትሮጥ ጠየቀ፤ ባለ ነጩም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረው። እሷ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ሁሉንም ብታስወጣቸው፣ ወንበሩንም አብራ ብትወረውረው ደስ ባላት። አማቷ ግን ስልኩ ተመልሶ እስኪመጣ እየጠበቁ ነበር፤ ሲመጣ መስታወቱን በመሀረባቸው ጠርገው እንደገና አዩት። እሳቸውን ስታይ አፏን ያዘች።

ያ ካርቦን ቤቷን እንዴት እንዳደረገው የምታውቀው እሷ ናት። ባሏ ጠርዙን ሲሞርድ የሚበነው ብናኝ በልብሱ ገብቶ ቤት ይመጣል። ፎጣው ያሳክካል፣ አንሶላው ያሳክካል። ክንዷን እስኪቀላ ታክካለች፤ እሱ ለምዶት ምንም አይመስለውም። ሲያቅፋት እንኳ «መጀመሪያ ታጠብ» ነበር የምትለው። ከቀብሩ ማግስት ሴቶቹ ተረባርበው ልብሱን፣ አንሶላውን፣ መጋረጃውን ሳይቀር አጠቡት። አሁን አልጋዋ አያሳክክም።

አንድ ጊዜ ደግሞ የልደት ኬክ ተመለሰባት። የልጁ እናት ደውላ፣ ልጆቹ ቀለም ቀለም ይላል ብለው እንደተፉት ነገረቻት። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም። ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ባሏን ጠበቀችው። ይቅርታ ይጠይቃል ስትል ሹካ አነሳ።

«ምን ሆነ? ይጣፍጣል እኮ» አለ።

የአሥራ ስድስት ልጅ ኬክ ብቻውን ጨረሰው። ቁርስ እሱን፣ ምሳ እሱን፣ እራት እሱን፤ ዓይኑ እንባ እያቀረረ ይውጠዋል። ደረቅ ሰው ነበር። ጥፋቱን በአፉ አያምንም። መጀመሪያ ቆሽቷ አርሮ ዝም ብላ አየችው፤ በመጨረሻው ቁራጭ ላይ ግን ሳቋ አመለጣትና ሹካውን ቀማችው።

ውዳሴም ይወድ ነበር፣ ምኑ ይደበቃል። እንደ ባለ ነጩ ያለ ሰው ትከሻውን መታ ካደረገው ለሳምንት ይበቃዋል። የቀኙን ክዳን ሦስት ጊዜ ሠርቶ ሁለቱን ጥሏል። የጨርቁ ሽመና እንደ ዓሣ አጥንት የተሰደረ ነው፤ የቀኙ ወደ አንድ ጎን፣ የግራው ወደ ሌላው ካላዘነበለ መኪናዋን ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ይዛባል አለ። ማን ልብ ይለዋል ስትለው፣ «አንቺስ ከጀርባ ያለውን ክሬም ለምን ታስተካክያለሽ?» አላት።

በሞተበት ዕለት ጠዋት የግራውን ኦቨን ውስጥ ከተተና፣ «ይሄ የመጨረሻው ነው፣ ከዚህ በኋላ ኦቨንሽን አልነካም፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን አጥፊልኝ» ብሏት ወጣ። በሰዓቱ አጠፋችው። እጇን ሳታደርቅ ስልኩ ጠራ። ከዚያ ወዲህ ኦቨኑን የከፈተው ሰው የለም።

ሰውየው ስለ ክዳኑ በጠየቃት ማግስት የባሏ እህት ዳቦ ላሙቅ ብላ የኦቨኑን እጀታ ያዘች።

«አትክፈቺው» አለች እሷ። ድምፁ ከየት እንደወጣ እንጃ፣ እስከ ሳሎን ተሰማ። የባሏ እህት እጇን ሰብስባ፣ ምን ነካሽ እንደማለት አየቻት።

ባለ ነጩ ዛሬም ሳሎን ነበር፤ ወዲያው በሩ ላይ ደረሰ። ከንፈሩ ላይ ፈገግታ አለ።

«እዚያ ነው አይደል?» አለ። እሁድ የመኪና ትርኢት እንዳለ፣ መኪናዋ አንዱ ጆሮዋ ጥቁር ሌላው ነጭ ሆና ሰው ፊት መቅረብ እንደማትችል በለስላሳ ድምፅ አስረዳት። «ለእሱም እኮ መታሰቢያ ነው። ስሙን በትንሹ አጽፌ አስለጥፍለታለሁ።»

«የት ላይ?»

«ከኋላው ክንፍ ሥር። መልኳን እንዳያበላሽ።»

የባሏ ስም መልክ የሚያበላሽ ነገር ሆነ። ለዚህ ሰው ከባሏ እጅ የወጣ ሌላ ቁራጭ አልሰጥም ስትል ለራሷ ማለች።

«ተበላሽቷል» አለችው። «ኦቨኑ ውስጥ ተበላሽቷል። አይሆንም።»

ሰውየው ተነፈሰና ሳሎን ተመለሰ። እሷ ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። እሱ ግን ከአማቷ ጎን ተቀምጦ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «ተበላሽቷል አሉ» አለ። «እኔስ ጠርጥሬ ነበር። በመጨረሻ እጁ ደክሞ ነበር እማማ፤ የቀኙም ላይ ቅር ብሎኝ ይሉኝታ ይዞኝ ነው ዝም ያልኩት። እንግዲህ የሠራውን በሙሉ አስነቅዬ የፋብሪካውን ማስመጣት ነው።»

አማቷ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የልጄ እጅ አይደክምም ነበር» አሉ፣ ቀስ ብለው። የደገፋቸው ሰው የለም። ቀለም ቀቢው እንኳ የሰውየው እንጀራ ይዞት ነው መሰል ወለሉን ያያል።

ሰውየውን ከመጸየፏ የተነሳ የራሷን ባል ስም በራሷ አፍ እንዳጠፋች ያኔ ገባት። ተመልሳ ወጥ ቤት ገባችና ኦቨኑን ከፈተችው።

ያ የምትጠላው ሽታ ፊቷን መታት። ላስቲኩ ቅርጹ ላይ ተጣብቆ ተጨማዷል። ከሥሩ ያለው ምን እንደሆነ አታውቅም። ውሸቷ እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ሰውየው ልክ ሊሆን ነው፣ አማቷም አንገታቸውን እንደደፉ ሊቀሩ ነው። የኬክ ቢላዋዋን አንስታ ላስቲኩን ከዳር ገፈፈችው፤ ቢላዋውን በጠርዙ አስገብታ እንደ ኬክ ከቅርጹ አላቀቀችው። ክዳኑ ጠቅ ብሎ እጇ ላይ ወደቀ። ወደ መስኮቱ አዞረችው። የዓሣ አጥንቱ መስመር አንድም ሳይሰበር ወደ ግራ አዘንብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል እንከን የለውም። የመስኮቱ ፍሬም ከነመጋረጃው ይታይበታል። ጠርዙ ብቻ ገና አልተቆረጠም፤ ጥቁር ክር ተንጨፍሮበታል፤ ሲነኩት ብናኝ ያራግፋል።

እጅጌዋ እንደተጠቀለለ በባዶ ክንዷ ታቅፋ ሳሎን ወሰደችውና ባለ ነጩ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«እጁ የደከመው የቱ ጋ ነው?» አለችው። «ያሳዩኝ።»

ሰውየው አገላበጠው። ቀለም ቀቢው ከተቀመጠበት ተነስቶ መጣና ክዳኑን ተቀብሎ በጣቱ ዳበሰው። የቀኙን ፎቶ እንዲያወጣ ሰውየውን ጠየቀና ሁለቱን አጎራብቶ ለአማቷ አሳያቸው። «ልክ ናቸው» አለ። «ጠርዙን መቁረጥ ብቻ ነው የቀረው። እሱን እኔ እቆርጠዋለሁ።» አማቷ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉ።

«አላልኳችሁም?» አለ ባለ ነጩ፣ ወዲያው ፊቱ በርቶ። «አርቲስት ነበር እኮ።» ቅድም ያለውን እሱ አላስታወሰውም፤ የሚያስታውስ ሰው ካለም አልተናገረም። ቀጥሎ ሱሪው ላይ የተነሰነሰውን ጥቁር ብናኝ አየና ደንገጥ ብሎ ያራግፍ ጀመር። «ያሳክካል እንዴ?» አለ የእጁን አንጓ እያከከ። ለመያዣ የሚሆን ነገር ጠየቃት። የኬክ ካርቶን አመጣችለት። ከልብሱ አርቆ፣ በጣቶቹ ጫፍ ይዞት ወጣ። ቡናው ግማሽ ድረስ እንኳ አልተጠጣም።

አሁንም ሰውየውን ቅንጣት ታህል አልወደደችውም። እሁድ ያ ክዳን ተለጥፎ ሰው ሲያደንቅለት እሱ አጠገቡ ቆሞ ደረቱን እንደሚነፋ ታውቃለች። ያም ሆኖ የአማቷ ጀርባ ቀና ብሎ ነበር።

ሲኒውን አንስታ ወጥ ቤት ስትገባ ክንዷ ማሳከክ ጀመረ። የባሏ እህት አየቻትና፣ «ውይ፣ ክንድሽ ቀላ እኮ» አለች። «ያ ብናኝ ነው። ነይ፣ ቶሎ በሳሙና ላስታጥብሽ።» ቧንቧውን ከፈተችላት።

ክንዷን አየችው። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ጥቁር፣ ደቃቅ ብናኝ ተኝቶበታል። ከባሏ ብናኝ ቤቱ ውስጥ ሳይታጠብ የቀረው ይሄ ብቻ ነው።

«ቆይ» አለቻት። እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ጎትታ ቁልፉን ቆለፈች፤ ከዚያ ሳታክከው ሄዳ አማቷ አጠገብ ተቀመጠች።