ስትቆም ደውል

ልብስ ሰፊዋና ባሏ ከተጋቡ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነው። አንድ ጣሪያ ሥር የኖሩበት ጊዜ ቢደማመር ግን አራት ዓመት አይሞላም። ይህን የምትናገረው ራሷ ናት፤ ያውም እየሳቀች። ባሏ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጭኖ ከወጣ ሃያ ቀን ይቆያል፤ መንገድ ከተበላሸ ደግሞ ወር። ሲመጣ ሁለት ቀን ይተኛል፣ አንድ ቀን ይበላል፣ በአራተኛው ቀን የታጠበ ልብሱን ይዞ ውልቅ ይላል። ጓደኞቹ “አርባ” ይሉታል፤ መንገዱ ምንም ያህል ቢመች በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ያየው ሰው የለማ። እነሱ ስሙን ያወጡለት ሊያበሽቁት ነበር፤ እሱ እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

ይህን ትዳር ደግፎ ያቆመው ስልክ ነው። አርባ ደግሞ በስልክ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም፤ እየነዳ አያነሳም። ሚስቱም ትደውል፣ አለቃውም ይደውል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይነዳና ምቹ ቦታ ሲያገኝ ዳር ይዞ ይቆማል። ከዚያ ይደውላል፤ ስልኩ ሲነሳለት የእጅ ፍሬኑን ይይዛል። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የምትሰማው የባሏን ድምፅ ሳይሆን ከፍሬኑ የሚወጣውን አየር ነው። ጭስስስ። እሷም ይህን ስትሰማ እግሯን ከስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ ታነሳለች። ሁለቱም መኪኖቻቸውን አቁመው ወግ ይጀምራሉ።

“የት ደረስክ?” ትለዋለች፤ ሁልጊዜም መግቢያዋ ይኸው ነው።

እሱም ይነግራታል። ሚዛን ጣቢያው በር ላይ ከሰባ መኪና ኋላ ተሰልፎ ሁለት ቀን እንደ ዋለ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ሾፌር በተሳቢው ገመድ ላይ ካልሲውን እንዳሰጣ፣ እሱ ራሱ በጎን መስታወቱ ጺሙን ሲላጭ ወረፋው ተንቀሳቅሶ ግማሽ ፊቱ አረፋ ለብሶ እንደ ነዳ። እሷ ደግሞ ወፍራ መጥታ ሜትሩ ነው የተሳሳተው ብላ የተቆጣቻትን ደንበኛ፣ ጣሪያ ላይ ወጥታ ራሷ የደፈነችውን ቀዳዳ ታወራለታለች። የተጣሉት በስልክ ነው፣ የታረቁትም በስልክ። ልጃቸው ስትወለድ እንኳ አባቷ ከወረፋ መውጣት አልቻለም ነበርና የመጀመሪያ ለቅሶዋን የሰማው አዋላጇ ስልኩን አስጠግታለት ነው። ያን ቀን ጋቢና ውስጥ ብቻውን ተንሰቅስቆ አልቅሷል። ወሬው ሲያልቅ እሷ “በል፣ ስትቆም ደውል” ትለዋለች፤ መርገጫዋን ትረግጣለች።

ዘንድሮ ወገቡ እምቢ አለ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየና፣ ወይ ወንበሩን ወይ ወገብህን ምረጥ አለው። የድርጅቱ የስምሪት ኃላፊ ደግሞ በር ላይ የሚገቡና የሚወጡ መኪኖችን ሰነድ የሚያይ ሰው እንፈልጋለን፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ወጥተህ ቤትህ ትገባለህ አሉት። ካልፈለግህ ለጤናዬ ራሴ ኃላፊ ነኝ ብለህ ፈርመህ መኪናህን ትወስዳለህ፤ ሁለት ሳምንት እረፍና ሐሙስ ቁርጡን ንገረኝ አሉት።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ስንት ዓመት የተመኘችው ነገር ነው። ለወገቡ ጠንካራ ፍራሽ አስመጣች፤ ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት እሱ ቁጭ ብሎ የሚያጫውታት ወንበር አዘጋጀች።

አርባ ቤት ዋለ። ጠዋት ከቁርስ በፊት የመኪና ጎማ የሚመታባትን አጭር ዱላ ይዞ ቤቱን ይዞራል። የውሃውን ታንከር ኳ ያደርግና “ግማሽ ነው” ይላል። የሶፋውን እግሮች አንድ በአንድ መትቶ ያዳምጣል። አንድ ቀን ልትለካ መጥታ በረንዳ ላይ የተቀመጠች ደንበኛ ወንበሯ ሥር ዱላ ሲያርፍ ብድግ ብላ ሮጣለች። ከዙረቱ ሲመለስ ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ግራ ጥጉ ላይ ይቀመጥና መንገዱን ያያል፤ ውጭ ክላክስ በተሰማ ቁጥር ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል። ሲሄድ ከጠራችው ደግሞ ይቆማል። መጀመሪያ ግድግዳውን ይጠጋል፣ ኋላውን ያያል፣ ከዚያ “አቤት” ይላል። በአንድ እጁ የያዘው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ኮሪደር ላይ ቆሞ ያዳምጣታል። ብርጭቆ በፈለገ ቁጥር በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ቢወራ የሚያስቅ ነበር። የጠፋው ወሬው ነው። ያ የሁለት ሰዓት ጨዋታ፣ ያ ሆድ የሚያቆስል ሳቅ ድራሹ ጠፋ። ስለ ደንበኞቿ እንዳትነግረው ሁሉንም ሶፋው ላይ ሆኖ ሰምቷል። እሱም ስለ መንገድ እንዳይነግራት የሄደበት መንገድ የለም። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ አፈረችው። አርባ ስድስት ዓመት የሞላት ሴትዮ የልጇን አባት ፊት ለፊት እያየች ማውራት አፈረች። ድምፁን ታውቀዋለች፤ ዓይኖቹ ግን አላመቿትም። ማዕድ ላይ ሲቀመጡ “ሻይ ልጨምርልህ?” ትለዋለች፣ “በቃኝ” ይላታል፣ በዚያው ያበቃል። አንድ ቀን ጥግ ላይ ካለው ፀጉር ቤት ሊሄድ ሲነሳ በልማዷ “ስትቆም ደውል” ብላው ቁጭ። ሁለቱም ሰሙት። አንዳቸውም አልሳቁም።

እሑድ ልጃቸው ከምትሠራበት ከተማ ልትጠይቃቸው መጣች። ምሳ ላይ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን ስታይ ቆየችና ሹካዋን አስቀመጠች።

“እናንተ ሰዎች ተጣልታችኋል ወይስ ገና አልተዋወቃችሁም?”

አባቷ ሳል ያዘው፤ እናቷ ጨው ልታመጣ ተነሳች፣ ጨው ጠረጴዛው ላይ እያለ። ከምሳ በኋላ አባትና ልጅ በረንዳ ላይ ወጡ። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ አጠገብ ክር መርፌ ውስጥ ስታስገባ የባሏን ድምፅ ሰማች፤ “መንገድ ዘጋሁባት፣ ልጄ። ብመለስ ነው የሚሻለው። ሐሙስ ሄጄ እፈርማለሁ።”

መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው። ትከሻዋ ወረደ፤ ከእንግዲህ ማዕድ ላይ የሚባል ነገር መፈለግ ቀረላት። ወዲያው ደግሞ እፍረቱ መጣ። ባሏ ወገቡን ሊሰብር ሲሄድ እፎይ የምትል ሚስት ምን ዓይነት ሚስት ናት? አትሂድ ልትለው ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሦስቱንም ጊዜ ኮሪደር ላይ ቆሞ ግድግዳ ይዞ “አቤት” ሲላት፣ ራት ምን ይሻልሃል ብላ ዘጋችው። ረቡዕ ሸሚዞቹን ተኮሰች። ሐሙስ ጠዋት ሻንጣውንና የጎማ ዱላውን በር ላይ አቀበለችው።

ረፋዱ ላይ አንድ ቀሚስ ዘቅዝቃ ዘርፉን ስትሰፋ ስልኳ ጠራ። አነሳችው።

ጭስስስ።

እግሯ ከመርገጫው ላይ ራሱ ተነሳ። “የት ደረስክ?” አለች።

“የትም። ግቢው ውስጥ ነኝ፤ ጋቢና ውስጥ። ሞተሩን አስነስቼ አየር ሞላሁና ፍሬኑን ያዝኩ፤ ሌላ የሠራሁት ነገር የለም። ወንበሬን ማን ወደ ፊት እንደሳበው እንጃ፣ ጉልበቴ መሪው ሥር ተወትፎ ለመውጣትም ለመግባትም አልሆንኩም።”

ሳቀች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የት ሄዶ እንደ ነበር የማታውቀው ሳቅ ነው የመጣው።

“ፈረምክ?”

“ወረቀቱ ጭኔ ላይ ነው።” ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ የመንገድ ወሬ ሲያመጣላት የሚይዘውን ድምፅ ያዘ። “ይኸውልሽ፣ ሰሞኑን አንዲት ሴትዮ ቤት አርፌ ነበር። ንጹሕ ቤት ነው፣ ፍራሹም ይመቻል። ብርጭቆዎቿን የት እንደምትደብቃቸው ግን ለሰው አትናገርም።”

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። “እኔም ቤት አንድ እንግዳ ነበረብኝ” አለች። “ሶፋ በዱላ የሚደበድብ። ደንበኛዬን አባሮብኛል።”

“ክፉ ሰው ነው?”

“ኧረ ደህና ነው። ዝም ማለቱ ነው እንጂ።”

“ሴትየዋም ዝም ትላለች። የምትፈልገኝ አልመሰለኝም።”

ይህን ሲል ጨዋታው እንዳበቃ ገባት። አንጀቷን በላው። ፊቱ እዚያ ስላልነበረ፣ ዓይኖቹም ስላልነበሩ፣ እውነቱን ለመናገር አቅም አገኘች።

“እመለሳለሁ ስትል ሰምቼህ እፎይ ብዬ ነበር” አለች። “ሻንጣህን ስዘጋው ደግሞ አለቀስኩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ የቱን እንደምትይዝ አንተ ታውቃለህ።”

“እኔም በሩን ስወጣ እፎይ አልኩ። ጋቢና ውስጥ ስገባ ግን ምን ላድርግ ብል ላንቺ ከመደወል በቀር ምንም አልታየኝም።” አፍንጫውን ሲስብ ሰማችው። “እንግዲህ ብፈርም የምነግርሽ ወሬ ይኖረኛል። ባልፈርም ወገብ ይኖረኛል።”

“ወገብህን ይዘህ ና” አለችው። “ወሬ ይፈለጋል።”

ከሰዓት በኋላ መጣ። በአንድ እጁ ሻንጣውን፣ በሌላው ከጋቢናው ያወጣትን ስኒውንና የጎማ ዱላውን ይዟል። ሰኞ በር ላይ ሥራ እጀምራለሁ አለ፤ እንኳን ደስ ያለህ አለችው። ስኒውን ከሌሎቹ ጋር የምታስቀምጥበትን መደርደሪያ አሳየችው፤ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ፊት ለፊቷ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷም ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ተያዩ። ያ ዝምታ መጥቶ በመካከላቸው ቁጭ አለ።

ሰውየውን ከመኪናው አውርጄ ልገድለው ነው ብላ አሰበች። ሌላው ቢቀር ቤቱ ድምፅ ይኑረው ብላ መርገጫዋን ረገጠች፤ መርፌው ጨርቁን ይወቅጥ ጀመር። አርባ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ ቀኝ እጁን ከወንበሩ ጎን ሰደደና እዚያ የሌለ ነገር ጨብጦ ሳበ። በጥርሱ መካከልም አየር አወጣ።

“ጭስስስ።”

ያ የሚያህል ሰውዬ፣ ጺሙ የሸበተ፣ በእፍረት አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን አነሳች። መርፌው ጨርቁ መሃል ቆመ። ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡባትና የቱን እንደምታስቀድም ግራ ገባት።

“የት ደረስክ?” አለችው።

ቀና ብሎ ዓይኗን አያት።

“ቤት” አለ። “ወረፋው ግን ረጅም ነበር።”