በርቶ አልቆይ ያለው ኮምፒውተር

ኮምፒውተራችን ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አዲስ አመል አውጥቷል። ሲያበሩት ይበራል፤ ስክሪኑ ላይ ሥዕሉ ይመጣል፤ ሰው ገና ወንበሩን ሳያስተካክል «እየተዘጋ ነው» ብሎ ድርግም ይላል። ደግመው ቢያበሩትም ያው ነው። እኔ ማተሚያ ቤት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ የምውል ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ንቀት ግን ከማንም ማሽን አይቼ አላውቅም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥግ አስይዤው ሥራዬን እቀጥል ነበር። ዛሬ ግን እማዬ ቀትር ላይ ሆስፒታል ገብታ አልጋ መያዝ አለባት፤ ነገ የልብ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል። ሐኪሟ «ቀኑ ካለፈ ልቧ አይጠብቀንም፤ እስከዚያ ደግሞ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳትሰማ» ብሎናል። እሷ ግን ልብሷን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እታለምን ሳላናግር ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም» ብላለች።

እታለም የምንላት ታላቅ እኅቷን ነው። ሌላ ከተማ ትኖራለች። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞተች እማዬን ያሳደገቻት እሷ ናት። በየማታው በቪዲዮ ያወራሉ። የስልክ ስክሪን ለእማዬ ዓይን ስለሚያንስባት፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የምትደውልበት የእታለም ገጽ ከነፎቶዋና ከነመልእክቶቿ ራሱ ከች እንዲል አድርጌ አስተካክዬላት ነበር። አሁን በስልክ ብሞክርም የእታለም ስልክ ዝግ ነው። አባዬ «እዚያ ኔትወርክ የለም አሉ» አለኝና ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ።

ጎረቤታችንን ፊውዝን ጠራሁት። ይህ ስም የወጣለት የተበላሸ ነገር ባየ ቁጥር ሳይነካው «ፊውዙ ነው» ስለሚል ነው።

«ፊውዙ ነው» አለ ገና ከበሩ።

«ኮምፒውተር ፊውዝ አለው እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ ፊውዝ የሌለው ነገር የለም።»

ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታው። ከውስጡ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር። ጠረግነው፤ ጠፋ። ማራገቢያውን አየነው፤ ደህና ይዞራል። ፓወር ሰፕላዩን ከቤቱ ባመጣው ቀየረው፤ አሁንም ጠፋ። ሜሞሪውን ነቅሎ፣ አጽድቶ፣ መልሶ ሰካው። አሁንም ድርግም! እማዬ ከመኝታ ቤት በየመሃሉ «ተሠራ?» ትላለች፤ አባዬ ደግሞ በየመሃሉ ብቅ እያለ «ልጆች፣ ተዉት፤ አርጅቷል፤ አይድንም» ይላል።

«አባዬ፣ አታሟርትብን!» ብዬ ጮህኩበት።

በመጨረሻ ፊውዝ «እስቲ በባዶው ላስነሣው» አለ። ሲከፈት አብረውት የሚነሡትን ፕሮግራሞች ሁሉ አስቀርቶ ማለቱ ነው። በራ። ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። አልጠፋም።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው» አለ ፊውዝ ጭንቅላቱን እያከከ። «ታዞ ነው የሚጠፋው።»

«ማን ነው የሚያዘው?»

አብረውት የሚነሡት ነገሮች የሚቀመጡበትን ፎልደር ከፈተ። አንደኛው እኔ ያስገባሁት የእታለም ገጽ ነው። ሁለተኛው የአባዬ ሬዲዮ ነው፤ ጠዋት ሲያበራው ዜናው ራሱ እንዲከፈትለት ፈልጎ እንዴት እንደሚያስገባው አስተምሬው ነበር። ሦስተኛውን አላውቀውም። ፊውዝ ከፈተው። አንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ ነው ያለው፦ ዝጋ። የገባው ከትናንት በስቲያ ነው።

ክው አልኩ። እዚህ ቤት የምንኖረው ሦስት ሰዎች ነን። እማዬ ማውሱን የሚነክሳት ይመስል ነክታው አታውቅም። እኔ ደግሞ የራሴን እናት እንዲህ አላሠቃያትም።

ወደ ወጥ ቤት ገሰገስኩ። አባዬ፣ ዕድሜውን በአውቶቡስ ሹፌርነት የጨረሰው አባቴ፣ ወደ ሆስፒታል የሚወሰደውን ቴርሞስ እያጠበ ነው።

«አባዬ! ኮምፒውተሩን አንተ ነህ እንዴ…»

እርጥብ እጁን አፌ ላይ ጫነብኝ። አባቴ እንዲህ አድርጎ ነክቶኝ አያውቅም። እየገፋ ወደ ጓሮ አወጣኝና በሩን ዘጋው።

«እታለም ዐርፋለች» አለኝ።

የሰማሁት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ እንጂ ወደ ልቤ አልገባም። «ምን?» አልኩት።

«ከትናንት በስቲያ ሌሊት፣ በእንቅልፏ። ልጆቿ በዚያው ቀን ሊነጋጋ ሲል ደወሉልኝ። እናትሽ ከቀዶ ጥገናው እስክትወጣ አፋችሁን ያዙ ብዬ ለመንኳቸው።»

የተደፋ ባልዲ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። «ለኔ እንኳን አትነግረኝም?»

«ላንቺ? አንቺ መቼ ነገር ደብቀሽ ታውቂያለሽ? ገና ስትገቢ ፊትሽን አይታ ታውቅ ነበር።» እርጥብ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ኮምፒውተሩ ከተከፈተ የእሷ ገጽ ይመጣል። ያንቺን ነገር ማውጣት አላውቅበትም፤ ያስተማርሽኝ ማስገባት ብቻ ነው። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ‹ሲበራ የሚያጠፋ ነገር ስጡኝ› አልኳቸው። ሳቁብኝ። በፍላሽ ሰጡኝ።»

እንዳልጮህ እጄን ነከስኩ። በእታለም ሞት ላልቅስ፣ በአባዬ ልናደድ፣ ወይስ ልቀፈው፣ አላወቅሁም። ያን ጊዜ ከሳሎን የኮምፒውተሩ መክፈቻ ድምፅ ተሰማ።

«ተሠራ!» ብሎ ጮኸ ፊውዝ። «ትእዛዙን አጥፍቼዋለሁ! እማማ፣ ይምጡ፣ ተሠራ!»

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ሳሎን መሃል ደርሳለች። ስክሪኑ ላይ የእታለም ገጽ ወጥቷል፤ ልጆቿ ፎቶዋን በጥቁር ከበውታል፤ ከሥሩ የሐዘን መልእክት ይግተለተላል። ጠረጴዛው ሥር ተወርውሬ ገመዱን ከሶኬቱ መንጭቄ ነቀልኩት። ስክሪኑ ጨለመ።

«ሠርቶ ነበር እኮ!» አለ ፊውዝ አፉን ከፍቶ። «ምን ነካሽ?»

እማዬ ከዚያ ርቀት ፊደሉን ልታነብ አትችልም። ይህን አውቃለሁ። ግን የጨለመውን ስክሪን አላየችም፤ የምታየው እጄ ላይ ያለውን ገመድ ነው። ቀጥላ ፊቴን አየች። ፈገግ ልል ሞከርኩ፤ ፊቴ እምቢ አለኝ። ቀስ ብላ ዞራ በሩ ላይ የቆመውን አባዬን አየችው። እሱ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

«እማዬ፣ እኔ…»

«ዝም በይ።»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። «ማንም ምንም እንዳይነግረኝ። አሁን አልሰማም። ጫማዬን አምጡልኝ።»

ፊውዝ ካቻቢቴውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አባዬ ጫማዋን ይዞ መጣና እግሯ ሥር ተንበረከከ። ሲያስርላት ትከሻው ይርገበገብ ነበር። እሷ እጇን አናቱ ላይ አሳረፈች።

«እንሂድ?» አላት ቀና ሳይል።

«እንሂድ። በሰላም ከወጣሁ ቁጭ አድርጋችሁ ትነግሩኛላችሁ፤ አብረን እናለቅሳለን» አለች። ከዚያ የጨለመውን ስክሪን አየችው። «ካልወጣሁ ደግሞ እሷው ራሷ ትነግረኛለች።»