የጉልበቴ ጉዳይ

የልጄ የሉሊት ሰርግ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ቤተ ዘመዱ ስለ እኔ ጉልበት ሊመክር ተሰበሰበ። ሙሽሮች ከቤት ሲወጡ የወላጅ ጉልበት ስመው ይመረቃሉ፤ የእኔ ጉልበት ግን የሚነካ አልነበረም። «የአባቷን ብቻ ትሳም» ተብሎ ተወሰነ። እኔን የጠየቀኝ የለም። አዳማ ገበያ ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ የሸጥኩ፣ ሻጭም ገዢም የሚፈራኝ ጥሩነሽ፣ በገዛ ጉልበቴ ድምፅ አጣሁ።

ሩማቶይድ የሚሉት የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዘኝ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ድሮ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጣቴ ብቻ ንጹሑን ጥጥ ከቅልቅሉ እለይ ነበር። ዛሬ ነጠላዬ ክንዴን ነካ ሲያደርገኝ የሚያቃጥለኝ ቀን አለ። ጉልበቴማ ቀሚሴ ሲያርፍበትም ይጮኻል። መድኃኒቱ እብጠቱን አጥፍቶልኛል፣ የደም ምርመራዬም ደህና ነው። ሰው ደግሞ እብጠት ካላየ ሕመም አያምንም። «ተሽሎሻል እኮ!» እያለ በትከሻው ሊያጋጨኝ የሚመጣውን ሁሉ ስሸሽ፣ ኩራተኛ የሚል ስም አተረፍኩ።

የባሌ ግን ባሰኝ። ደገፋ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቴሌቪዥን እያየሁ ከኋላዬ መጥቶ እጄን በስሱ ቢዳብሰኝ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። ከዚያ ወዲያ ነክቶኝ አያውቅም። ሻይ ሲያመጣልኝ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና እጁን ቶሎ ይሰበስባል። ተጸየፈኝ አልኩ። ለሰው ሁሉ መልስ የማያጣ አፍ አለኝ፤ ይህን ግን ለመጠየቅ ፈራሁ።

ዘመዶቹ ከመከሩ በማግስቱ የሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ፣ ደገፋም አብሮኝ ገባ። ዶክተር ሰብለወንጌል ውጤቱን አይታ «በጣም ጥሩ ነው» ስትል ደሜ ፈላ።

«ጥሩ ከሆነ ታዲያ ለምን ያመኛል? ዋሸሁ ማለት ነው?»

«አልዋሹም፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ። ሕመሙ እውነት ነው» አለችኝ። «መገጣጠሚያዎ ስንት ዓመት ሲቆጣ፣ ወሬውን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮች ከልክ በላይ ንቁ ሆኑ። አሁን እብጠቱ ቢሄድም እነሱ አልተረጋጉም። ተራውን ንክኪ አንጎልዎ እንደ አደጋ ይቆጥረዋል።»

ደገፋ ከወንበሩ ቀና አለ። «የመኪና አላርም በይኛ! ድመት ስትዘልበት ሌባ መጣ ብሎ ሰፈሩን የሚያምሰው!»

«ልክ ነዎት» አለች እየሳቀች። «ድንገተኛና ስስ ንክኪ ብዙ ጊዜ ይብሳል። አስቀድመው አውቀው፣ ፈቅደው፣ ሙሉ መዳፍ ረጋ ብሎ ሲያርፍ ግን የሚቀለው ሰው አለ። ሁሉም አንድ አይደለም፤ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ጭራሽ አለመነካት ፍርሃቱን ያጸናዋል።»

 ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ደገፋ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «እኔ እኮ እንዳላሳምምሽ ፈርቼ ነው» አለኝ።

«እኔ ደግሞ ተጸየፍከኝ ብዬ ነበር።»

ባጃጅ ነጂው በመስታወት እያየኝ አለቀስኩ። ምን አገባው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሥራ ያዝን። ደገፋ በመጀመሪያ «ጥሩነሽ፣ እጄ ነው» ይላል። እኔ «እሺ» ካልኩ ሰፊ መዳፉን ጉልበቴ ላይ ያሳርፋል፤ አይዳብስም፣ አያሽም። በመጀመሪያው ቀን እስከ አምስት ቆጥሬ «አንሳ!» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ጥርሴን ስነክስ አይቶ በኦሮምኛው «ጃባዱ»፣ በርቺ ብሎ አበረታታኝ። በስድስተኛው ቀን ሕመሙ ሳይጠፋ፣ ከሱ ጋር የእጁ ሙቀት ተሰማኝ። ሁለት ዓመት የናፈቀኝ እጅ ነው። ለሉሊት ግን አልነገርናትም፤ የሰርጉ ቀን ጉልበቴ ምን እንደሚያመጣ ማን ያውቃል?

ሙሽራው ከወለንጪቲ ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣ። ጭፈራው ጋብ ሲል ሉሊት ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የቬሎዋ ጫፍ እንዳይነካኝ በሁለት እጇ ሰብስባ ያዘች። ጎንበስ አለችና፣ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ርቃ፣ አየሩን ሳመች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

 ተናደድኩ። ደገፋን አየሁት፤ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀልኝ።

«ሉሊት፣ አየሩ አልወለደሽም!» አልኳት።

ቀና ልትል ስትል ሁለት መዳፌን ጭንቅላቷ ላይ ጫንኩ። «ነይ፣ እኔ ፈቅጃለሁ። አጥብቀሽ ሳሚ።»

«ያምሻል እኮ፣ እማዬ!»

«ይመመኝ።»

ግንባሯን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። አመመኝ፣ አልዋሽም፤ አላርሙ ጮኸ። የመጣችው ግን ልጄ መሆኗን አውቃለሁና፣ «ውለጂ፣ ክበጂ» ብዬ እስክጨርስ እጄን አላነሳሁም።