የአስካለ አንቱታ

አስካለ ማርያም ባሏን «አንተ» ማለት አቃታት። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ የደብረ ብርሃን ቀኛዝማች ልጅ ናት፣ እናቷም አባቷን እስኪቀብሩ ድረስ አንቱ እንዳሉ ኖረዋል።

ባሏ ዓምደ ሚካኤል ደግሞ ስቶክሆልም ምህንድስና ሲማር ስድስት ዓመት የከረመ ሰው ነው። አገር ቤት ሄዶ በዘመድ አማካይነት አግብቷት፣ ከስቶክሆልም ዳር ሱንድቢበሪ ካለችው ጠባብ ቤቱ ካስገባት ገና ጥቂት ወራት ናቸው። ነገሩ በ1960 ዓ.ም. ነው፤ የዚያ አገር ሰው መኪና የሚነዳበትን የመንገድ ወገን ከግራ ወደ ቀኝ ባዞረ በዓመቱ አንቱታንም እያራገፈ ነበር። ተማሪው ፕሮፌሰሩን «ዱ» ይለዋል፣ አንተ ማለቱ ነው። «እነዚህ ሰዎች አሳዳጊ የላቸውም እንዴ?» ትላለች አስካለ። ዓምደ ሚካኤል መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር። አሁን አሁን መሳቁን ትቶ ራት ላይ እንኳ ዝም ማለት አብዝቷል፤ እሷንም ያስፈራት ይኸው ዝምታው ነው።

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ እሑድ፣ የጀምበር መጥለቂያ ፎቶ ላንሳ ብሎ በባቡር ወደ ባሕሩ ጠረፍ ይዟት ወጣ። መንገድ ላይ የሆዱን አወጣው።

«አስካለ፣ አንቱ ስትይኝ ቤቴ ውስጥ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል። እኔ የፈለግሁት የሚያጫውተኝ ሰው ነው። ጌታና ገረድ ሆነን ልናረጅ ነው?»

«ምን በደልኩዎት?»

«ይኸው፤ በደልኩዎት» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሲደርሱ ባሕሩ ላይ ስስ ጭጋግ ወርዶ ነበር። አስካለ ፎቶው ተበላሸ ብላ አዘነችለት፤ እሱ ግን ደስ አለው። ጭጋግ የፀሐይን ዓይን ያለዝበዋል አላት። እውነትም ጀምበሯ እንደ እንቁላል አስኳል ረግታ፣ ያለ ጨረር ቁልቁል ትወርዳለች፤ ውኃውም ሰማዩም የኮክ ቀለም ይዘዋል።

ካሜራው ከላይ ወደ ታች የሚታይበት ዓይነት ነው። ዓምደ ሚካኤል አቀርቅሮ መስተዋቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ጀምበር እያየ፣ ከፊቱ ያለው ድንጋይ እንዳይገባበት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ደግሞ ሌላ። የቆመበት አለት ጫፍ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር አብቅሏል። አስካለ አየችው። «እባክዎን ትንሽ ወደ ኋላ…» ብላ ጀመረች፤ የአክብሮት ቃል ረጅም ነው፣ እሱም አልሰማትም።

«አንተ! ቁም!»

ቆመ። አንድ እግሩ ግን ቀድሞት ተንሸራቶ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገባ። ካሜራውን ከራሱ በላይ አንጠልጥሎ፣ በሌላ እጁ ድንጋዩን ቧጥጦ ወጣ። ዞሮ አያት፤ ፊቱ እንዲህ ሲበራ ከሠርጋቸው ወዲህ አላየችውም።

«ምን አልሽኝ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አስካለ ግን ልትመልሰው ሞከረች። «ይቅር ይበሉኝ። ደንግጬ ነው።»

«ደንግጠሽ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ወደ ካሜራው አቀረቀረ፤ ጀምበሯ ግን ጭጋጉ ውስጥ ሟሙታ አልቃለች። ክዳኑን ከደነና ውኃ የሞላ ጫማውን ሊያወልቅ ተቀመጠ።

አስካለ ጀርባውን አየችው። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ይህ ሰው እዚህ አገር ስድስት ዓመት ብቻውን ራት ሲበላ እንደኖረ እስከዛሬ አስባው አታውቅም። አሳዘናት። ከማዘንም አልፋ ወደደችው፣ ለራሷም ገረማት። ቅድም ያስጮኻት እሱን የማጣት ፍርሃት እንደነበረም ያን ጊዜ ገባት።

ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ነጠላዋን አውልቃ እርጥብ ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገችለት።

«ይበርድሃል» አለችው።

እጁ የጫማው ማሰሪያ ላይ ቀረ። «ምን?» አለ፣ መስማቱንስ ሰምቷል።

«ይበርድሃል አልኩህ፣ ዓምዴ።»